አክሪሊኩን ተወው

ወንድሜ፣ ከኪት (ተቆርጦ ከተዘጋጀ ዕቃ) የምትገጥመውን የፍሌሚሽ ሃርፕሲኮርድ፣ ያንን እንደ ፒያኖ ቁልፍ ያለውን የድሮ ባለሽቦ መሣሪያ፣ ሳውንድቦርዱን (ድምፁን የሚያጎላውን ስስ ጣውላ) በአክሪሊክ ቀለም ብስለው ምን ይለኛል፣ አበቦቹንስ እንዴት ልደርድራቸው ብለህ ጠይቀሃል። እዚህ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ፣ ለሃርፕሲኮርድ ሠሪዎች ይህንኑ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርህ።

አክሪሊኩን ተወው። ድምፅ ይገድላል ብዬ አይደለም፤ ስስ ከሆነ ብዙም አይሰማህም። ግን ሲደርቅ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ አንዴ ከደረቀም አይነሳም። ጉዋሽ ያዝ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ድፍን ቀለም ነው። የተበላሸችን ቅጠል በእርጥብ ብሩሽ ነካ ነካ አድርገህ ታነሳታለህ። ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው፣ እኛም አገር ቆላ የሚለቀመው። የድሮዎቹም በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ነበር የሚጠቀሙት።

ከመጀመርህ በፊት ግን እንጨቱን አስብ። ስፕሩስ የሚባል የጥድ ዓይነት እንጨት ነው፣ ስስ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ባዶውን ብትነካው ሰማያዊው በእንጨቱ መስመር ተከትሎ እንደ ጢም ይሮጥብሃል። በጣም የቀጠነ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) አንድ እጅ አልብሰው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ጀምር። በባዶ እጅህ አትደባብሰው፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለአበባው ነው፤ እኔ የምጨነቀው ለሰማያዊው ነው። የድሮዎቹን የአንትወርፕ ሃርፕሲኮርድ ሠሪዎች፣ የሩከርስ ቤተሰብን ሥራዎች ቀረብ ብለህ እያቸው፤ እዚሁ ፍሌይስሃውስ ሙዚየም አሉ። ሰማያዊው ጠርዝ ትንንሽ ቅስት እየሠራ ሳጥኑንና ድልድዮቹን (ሽቦው የሚያርፍባቸውን ዘንጎች) ተከትሎ ይሄዳል፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሐረግ ይጥላል። አበባው የሚገባው ሰማያዊው በተወው ቦታ ነው። የድሮው ሰማያዊ ስማልት ይባላል፣ በኮባልት የቀለመ ብርጭቆ ተፈጭቶ። በጣም ካደቀቁት ቀለሙ ይገረጣል፣ ስለዚህ ሻካራ እንደሆነ ነው የሚቀባው። በጎን ብርሃን ስታየው እንደ ደቃቅ አሸዋ ከእንጨቱ ቀና ብሎ ይታያል። አንተ የኮባልት ሰማያዊ ጉዋሽ ይበቃሃል፤ ስማልት ጀማሪን ያሰቃያል።

አበባውን ከዕፅዋት መጽሐፍ አትገልብጥ። በድሮዎቹ ላይ ቱሊፕ፣ ጽጌረዳ፣ ቼሪ፣ ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ አባጨጓሬ፣ አንዳንዴም ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ታገኛለህ። ሽሪምፑ እዚያ ምን ያደርጋል ሲባል ሰው የትንሣኤ ምሥጢር ያወራል፤ እኔ አንትወርፕ የወደብ ከተማ ስለሆነ ነው ባይ ነኝ። ይልቅ ፍጥነቱን እይ። አንዱ ቅጠል ሁለት ሦስት ጭረት ነው፣ ፈዛዛ ከታች፣ ጠቆር ያለው በአንድ ጎን፣ አለቀ። የሩከርሶች ወርክሾፕ ብዙ ያመርት ነበር፤ አንድ አበባ ላይ ማን ይውላል? ሠሪዎቹ የተመዘገቡት በሠዓሊዎቹ በቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ነበር፤ ሐንስ ሩከርስ የገባው በ1579 እ.ኤ.አ. ነው። የሳውንድቦርዱን ቀዳዳ የሚሸፍነውን በወርቅ የተለበጠ ጌጥ፣ ሮዝ የሚባለውን፣ በአበባ ጉንጉን ክበበው። ዓመተ ምህረቱንም ጻፍበት፣ እነሱም ይጽፉ ነበር።

ለክዳኑ የእንጨት መልክ ያለው የታተመ ወረቀትና የላቲን ጥቅስ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ቬርሜር «የሙዚቃ ትምህርት» በሚባለው ሥዕሉ ላይ አንዱን ቁልጭ አድርጎ አሳይቶሃል፤ ጥቅሱ «ሙዚቃ የደስታ ጓደኛ፣ የሐዘን መድኃኒት» ይላል። ፊደሉንና ክፍተቱን ከዚያ ውሰድ።

ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋህ፤ ድልድዮቹ ከተጣበቁ በኋላ፣ ሽቦ ከመወጠሩ በፊት ነው የሚሳለው። ሽቦው ከተወጠረ ብሩሽ የምታስገባበት የለህም። ላዩ ላይ ቫርኒሽ አትድፋበት። ሰማያዊውን ስትጨርስ ፎቶ ለጥፍልን፣ አበባውን ከዚያ እናወራለን።