የሚኒስትሩ ትኩረት ወደ ታች እንዴት ይወርዳል?

ወንድሜ፣ «አዲስ ሚኒስትር ሲሾም ሥራ አስፈፃሚዎቹ (የሚኒስቴሩ የሥራ ክፍል ኃላፊዎች) ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቃሉ?» ብለህ ጠይቀሃል። በወረቀት ደረጃ መንገዱ ግልጽ ነው። ከ2013 እስከ 2022 የሚዘልቅ የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ አለ። ዓመታዊው ዕቅድ ከእሱ ይቀዳል። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ሲጀምር ከሚኒስትሩ ወደ ሚኒስትር ዴኤታዎች፣ ከዚያም ወደ ሥራ አስፈፃሚዎችና ቡድኖች ይወርዳል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የመቶ ቀን ዕቅድና ግምገማ ተጨምሯል።

ችግሩ አወራረዱ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ይመጣል፦ ግብ፣ ክብደት፣ ዒላማ፣ ሩብ ዓመት። ለምን እንደተመረጠ ግን አብሮ አይመጣም። ሁሉም ነገር «ቅድሚያ የሚሰጠው» ከተባለ ደግሞ ባለሙያው የሚይዘው ሪፖርት የሚጠየቅበትን ብቻ ነው። ዘርፉን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎች ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር የሚሞሉ ብቻ ሆነው ሲቀሩ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ የማምነው ሚኒስትሩ ከኃላፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ሦስት አራት ነገር መምረጥ፣ የትኛው እንደሚቆይም ፊት ለፊት መናገር እንዳለበት ነው። ኃላፊውም «በዚህ በጀት ይሄ አይሆንም» ማለት መቻል አለበት።

አንተም እዚያ ወንበር ላይ ከሆንክ፣ ዕቅዱን ከመፈረምህ በፊት «የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቆይ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስይዝ።