የጌጥ ዝንጅብል ለምትተክሉ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የምትልኩልኝ የጌጥ ዝንጅብል ፎቶ ሁሉ ተመሳስሎብኛል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ አገዳው ዘንበል ብሏል፣ ከሥሩ «ጋሼ፣ ምን ልጨምርበት?» የሚል ጥያቄ አለ። የሥራ ዘመኔን በቅመማ ቅመም ማሳ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ የምመልሰው ምንም አትጨምሩበት፣ እንዲያውም ውሃውን ቀንሱለት ብዬ ነው።

ዝንጅብል ብለን የምንከትፈው ነገር ሥር ይመስላል እንጂ በአፈር ውስጥ አግድም የሚሄድ ግንድ ነው። ስንቁንም የከርሞውን ቡቃያም የያዘው እሱ ነው። ለአበባው ብለን የምንተክለው የጌጡም ዝንጅብል እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ሲታመም ከላይ አትመርምሩ። አፈሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና ግንዱን ጫን በሉት። ጠጠር ካለ ደህና ነው። ከለሰለሰና ከሸተተ በውሃ ብዛት በስብሷል፤ የበሰበሰውን እስከ ጤናማው ቆርጣችሁ ጥላችሁ፣ የቀረውን ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ በአዲስ አፈር ትከሉት።

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች የምመርጠው ሄዲኪየም የሚባለውን ወገን ነው። ቢጫው፣ ሄዲኪየም ጋርድነሪያነም፣ የሂማላያ ተራሮች ተክል ስለሆነ የኛን የሌሊት ብርድ ይችላል። ነጩ ኮሮናሪየም የኩባ ብሔራዊ አበባ ነው፤ መዓዛው ሲመሽ ይበረታል፣ ሞቅ ያለ አገርም ይወዳል፤ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ እሱን ሞክሩ። በስልካችሁ የምታዩት ችቦ የመሰለው ቀይ አበባ ግን የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ቆላ ተክል ነው። አዲስ አበባ ላይ ገንዘባችሁን አታባክኑበት። ከገበያ የገዛችሁት የወጥ ዝንጅብል ይበቅላል፣ ቅጠሉም ያምራል፤ አበባ ግን እምብዛም አይሰጥም። የኛው ኮረሪማም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አበባው ከቅጠሉ ሥር፣ መሬት ለመሬት ስለሚወጣ ጎንበስ ያላለ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ማሰሮው ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋት ይኑረው፤ ግንዱ ወደ ጎን ነውና የሚሄደው። የቀለም ባልዲም ይሆናል፣ ታቹን በደንብ እስከበሳችሁት ድረስ። ሁለት እጅ ብስባሽ ያለበት አፈር ከአንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ግንዱን ጠልቃችሁ አትቅበሩት፤ የቢጫው ግንድ ጀርባ ከአፈር ብቅ ቢል እንኳ ግድ የለም። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ዩሪያ የበዛበትም እንዲሁ። ያደረ ፍግ ይበቃዋል።

ውሃው ላይ ነው የማንግባባው። በየቀኑ ማጠጣት ፍቅር ይመስላችኋል። ይህ ተክል የራሱ ወራት አለው። በበጋው ብርድ እድገቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አፈሩ ላይ ላዩ ደርቆ ይቆይ። የበልግ ዝናብ ሲጀምርና አዲስ ቡቃያ ሲወጣ ውሃውን ጨምሩ፤ ግንዱን ቆራርጣችሁ ለመከፋፈልም ካሰባችሁ ወቅቱ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት ዓይን፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበት ጉብታ፣ ይኑረው። በክረምት ከጣሪያ ክፈፍ ሥር አስጠጉት፤ በረዶ ሰፊውን ቅጠል ይበጣጥሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ባያብብ አትንቀሉት። አንድ አገዳ የሚያብበው አንዴ ነው፤ አብቦ ሲያበቃ ከታች ቁረጡት፤ ገና አረንጓዴ የሆነውንና ያላበበውን ግን አትንኩ። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያላችሁ ውርጭ ሳይቀድማችሁ ማሰሮውን ወደ ቤት አስገቡ። የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ቀይ ሸረሪት የሚባል ጥቃቅን ተባይ ይመጣል፤ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ እጠቡት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በወላይታና በከምባታ የዝንጅብል ማሳዎች አጠውልግ በሽታ ገባ። አረንጓዴ የነበረ ማሳ እንደ ደረሰ ገለባ ቢጫ ሲሆን አይቻለሁ፤ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠው ራሱ በሽታውን ተሸክሞ ነበር። ምክንያቱ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በሐዋይ የተገኘው የዚህ ባክቴሪያ ዘር የጌጡንም ዝንጅብል ስለሚያጠቃ የኛ ጉዳይ አይደለም አትበሉ። በአፈር፣ በውሃ፣ በቢላዋና በተከላ ቁራጭ ይተላለፋል።

ከጠረጠራችሁ አገዳውን ከሥሩ አካባቢ ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሳትነቀንቁት ያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው እዚያው አለ። መድኃኒት አትፈልጉለት። ተክሉን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ አፈሩን ለሌላ ማሰሮ አትጠቀሙበት፣ ቢላዋውን በበረኪና እጠቡ። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ቁራጭ ስትቀበሉም ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩት፤ የሰጣችሁ ሰው ቅር አይበለው።

ቢጫውን ለተከላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋይ፣ በኒውዚላንድና በአዞረስ ደሴቶች ከግቢ አምልጦ ደን ውስጥ ገብቷል፤ ከዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥም ስሙ ሰፍሯል። አበባው ሲረግፍ ብርቱካናማ ፍሬ ይከፈትና ቀያይ ዘሩን ወፍ ይለቅመዋል። ፍሬ ሳይዝ የአበባውን ጉንጉን ቁረጡት። ስትከፍሉ የተረፈውንም ቁራጭ ማሰሮ ላለው ጎረቤት ስጡ፤ ፈላጊ ካጣም ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት እንጂ ወንዝ ዳር አትድፉት።