አዳማ ካራን ለምን አስወጣት?

እህቴ፣ ስለ ጠፈር መርከቦቹ ተከታታይ ፊልም ስለ «ባትልስታር ጋላክቲካ» «አዳማ ካራን እንደ ልጁ እየወደዳት እንዴት ከክፍሉ ያስወጣታል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሸጋ ጥያቄ ነው። አዳማ የጦር መርከቡ አዛዥ ነው፣ ካራ ደግሞ ከአብራሪዎቹ አንዷ።

ነገሩ ዛክ ነው። የአዳማ ትንሹ ልጅ፣ የካራ እጮኛ። የበረራ አስተማሪው ራሷ ካራ ነበረች፤ ፈተናውን መውደቅ ሲገባው ስለምትወደው አሳለፈችው። ተከስክሶ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ሊ ደግሞ «አብራሪ ሁኑ ብሎ የገፋን እሱ ነው» ብሎ አባቱን ተቀየመ። ካራ ይህን ሁሉ እያየች ዝም።

ስትናዘዝ አዳማ አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይብስበት እንድትወጣ ነገራት። እኔን ከጩኸት በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው።

እዚህ ደሴ ቢሆን ቅሬው ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ ሦስቱም አንድ ላይ ተላቅሰው ይወጣላቸው ነበር። አክስቴ አብራኝ ስታይ (መብራት እስኪጠፋብን ድረስ) «ይሄ ሰውዬ እርሙን አላወጣም» አለች። ከኔ ማብራሪያ የሷ ይሻላል።

ደግሞ ቀጥሎ ያለውን እይው። ካራ አንዲት ጨረቃ ላይ ወድቃ ስትጠፋ ነዳጁን እየጨረሰ፣ መርከቦቹን ሁሉ አደጋ ላይ ጥሎ የፈለጋት ያው ያስወጣት ሰውዬ ነው። ሊም «እኔ ብሆንስ?» ብሎ ጠየቀው። አዳማም «አንተ ብትሆንማ ፈጽሞ ትተንህ አንሄድም ነበር» አለው።