ስለ ሳብዉፈር ክሮስኦቨር የጠየቃችሁኝ

ጥያቄው ስለበዛ ባንድ ላይ ልመልስ። ለቤት ሳብዉፈር (ቤዙን ብቻ ለሚያወጣው ስፒከር) ከሆነ ማጣሪያውን፣ ማለትም ቤዙን ከሌላው ድምፅ የሚለየውን ክሮስኦቨር፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ሥሩት፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከታይዋን ገበያ ባለ 8 ኦም ስፒከር ገዛሁ። አንድ ኮይል ብጨምርበት ቤዙን ብቻ አይለይልኝም?

መልስ፦ ይለያል አቦ፣ ግን እስቲ አስላው። ከ100 ኸርዝ በላይ ያለውን ለመቁረጥ 12.7 ሚሊሄንሪ ኮይል ያስፈልግሃል። ይሄ ብዙ መዳብ ይፈጃል፣ ሽቦውን ላቅጥነው ካልክ ደግሞ ኮይሉ ራሱ ጉልበቱን ይበላዋል። ይሄን ሁሉ ለፍተህ የሚቆርጥልህ በኦክታቭ (ኸርዙ እጥፍ በሆነ ቁጥር) 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ከሳቡ ውስጥም ይሰማሃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ልሥራ? የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ መበየድ እችላለሁ።

መልስ፦ መበየድ ከቻልሽማ አለቀ። ቲኤል 072 የሚባለውን ባለ 8 እግር አይሲ ፈልጊ። ከግራና ከቀኝ ቻናል አንድ አንድ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አምጥተሽ አንድ ነጥብ ላይ አገናኚያቸው። ከዚያ ነጥብ በ10 ኪሎ ኦም ወደ እግር 3፣ በ0.22 ማይክሮፋራድ ደግሞ ወደ እግር 1። ከእግር 3 ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ። እግር 2ን ከ1 ጋር ቀጥታ አያይዢው፣ ወደ አምፑ የሚሄደው ከ1 ነው። እግር 8 ላይ ፖዘቲቭ 12 ቮልት፣ 4 ላይ ነጋቲቭ 12። የማትጠቀሚበትን ግማሽ ባዶ አትተዪው፤ 6ን ከ7 አገናኝተሽ 5ን ግራውንድ አድርጊው። የሚቆርጠው 102 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ በኦክታቭ 12 ዴሲቤል። ካፓሲተሩ የፊልም ዓይነት ይሁን፤ 104 የተጻፈበት 0.1 ነው፣ 224 ደግሞ 0.22።

ጥያቄ፦ ዝቅ ላድርገው ብልስ?

መልስ፦ 22ቱን በ27፣ 10ሩን በ12 ቀይር። ወደ 84 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ሠራሁት፣ ግን ዝም ብሎ “ሁምምም” ይላል።

መልስ፦ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ማጣሪያው ደግሞ ከ100 በታች ያለውን እንዲያሳልፍ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ሁሙን አይከለክልልህም። ትራንስፎርመሩን ከሰርኪዩቱ አርቀው፣ ሺልድ ያለው ገመድ ተጠቀም፣ ግራውንዶቹን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስባቸው። ይሄን ስትነካካ ሶኬቱን ንቀል እንጂ!

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ነኝ። ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ ስቀመጥ ቤዙ ያደነቁራል፣ መሃል ወለል ላይ ግን የለም።

መልስ፦ ሰርኪዩትህ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ክፍሉ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ ላይ ግድግዳው ጋ ይጮኻል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ሳቡን ከጥግ አውጥተህ ቦታ እየቀያየርክ ሞክር።

ጥያቄ፦ አምፑን ቁምሳጥን ውስጥ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ በድሬ ሙቀት? ተው።

ጥያቄ፦ ሳቡን ስከፍተው ጭራሽ ቤዙ ቀነሰ።

መልስ፦ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር እየተጣላ ነው። ከአምፑ ወደ ሳቡ የሚሄዱትን ሁለት የስፒከር ሽቦዎች (ፖዘቲቭና ነጋቲቩን) አቀያይርና አዳምጠው፣ ሞላ ብሎ በተሰማህ በኩል ተወው።