የትሪም ዘይት ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ፓወር ትሪም ጀልባ ኋላ ላይ የሚገጠመውን አውትቦርድ ሞተር በዘይት ግፊት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ስለ እሱ የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ «የትኛውን ዘይት ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። ጥቂት የማይባሉት ግን ጭራሽ የዘይት ጥያቄ አይደሉም።

የያማሃ ሞተሬ መመሪያ «ዴክስሮን 2» ይላል። ሱቅ ውስጥ ያለው 3 እና 6 ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?

ካሉት አንዱን ይግዙ። ዴክስሮን ጄኔራል ሞተርስ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያወጣው ደረጃ ነው። 2 እ.ኤ.አ. በ1973፣ 3 በ1993፣ 6 ደግሞ በ2005 ወጣ፤ የ3 ፈቃድ በ2006 መጨረሻ ስላበቃ ዛሬ ጣሳ ላይ «ዴክስሮን 3» ብሎ የሚጽፍ ፋብሪካ በራሱ ኃላፊነት ነው የሚጽፈው። ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ከሆነ አያሳስብም። ካምቢዮ ላይ አንዱን ደረጃ ከሌላው በዋናነት የሚለየው ዘይቱ ከፍሪሲዮኖቹ ጋር ያለው ጠባይ ነው፤ ትሪም ውስጥ ፍሪሲዮን የለም። ያለው ትንሽ ፓምፕ፣ ጥቂት ቫልቮች፣ ሲሊንደሮችና ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግድ ብዙ ጎሚኒ ነው። የሚፈልጉትም ቀጠን ያለ፣ አረፋ የማያበዛ፣ ዝገት የሚከላከልና ጎሚኒ የማይጎዳ ዘይት ነው። 6 ከ3 ትንሽ ይቀጥናል፤ ፓምፑ ልዩነቱን አይቆጥረውም። «ሲቪቲ» የሚል ጣሳ ግን ለሌላ ዓይነት ካምቢዮ የተሠራ ሌላ ዘይት ስለሆነ ይተዉት። ሌላው የአውትቦርድ ፋብሪካ ሜርኩሪ በራሱ ስም የሚሸጠው የትሪምና የፓወር መሪ ዘይት አለው። ሞተርዎ ገና ዋስትና ላይ ከሆነ ከመመሪያው ፈቀቅ አይበሉ።

ቀዩ ይሻላል ወይስ ቢጫው?

ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ማታ ከፍ አድርጌው የተውኩት ሞተር ጠዋት ወርዶ አገኘዋለሁ። ወፈር ያለ ዘይት ብጨምርበት ይይዘው ይሆን?

አይይዘውም። ይህ ጥያቄ በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ይመጣል፤ አንዱ 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ይላል፣ ሌላው ጎሚኒ የሚያሳብጥ «ፍሳሽ አቋሚ» ይላል። ወፍራም ዘይት በተበላ ኦሪንግ (የቀለበት ጎሚኒ) በኩል ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ ማለፉን አይተውም። በዚህ ላይ ፓምፑን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር ጭነት ይበዛበታል፤ ብርድ ሲሆን ፓምፑ ዘይቱን መሳብ ያቅተውና ይጮኻል። ፍሳሽ አቋሚውም ደህናውን ጎሚኒ ጭምር አሳብጦ ያላላዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ፦ ዘይቱ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም? ሞተሩ እየወረደ የዘይቱ ልክ ካልጎደለ፣ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እያለፈ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በእጅ ማውረጃው ቫልቭ ነው፤ ከትሪሙ ጎን ባለች ቀዳዳ ውስጥ የሚታየው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን። አንድ ቀን ባትሪ ሲደክም ተፈትቶ በደንብ ሳይጠብቅ የቀረ ይሆናል። ወደ ኋላ ሲነዱ ሞተሩ ራሱን ሽቅብ የሚያነሳ ከሆነ ጥርጣሬዎን ያጠናክርልዎታል። ያጥብቁትና አንድ ሌሊት ይጠብቁ። አሁንም ከወረደ የቫልቩ ኦሪንግ፣ ቀጥሎ ቆሻሻ የገባበት፣ ዘይቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ከዚያ የትልቁ ሲሊንደር ፒስተን ጎሚኒ ይታያል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ትሪም ለሚፈታ መካኒክ ይተዉ፤ የሲሊንደሩ ክዳን ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፣ ጨው ውሃ ያየ ከሆነ ደግሞ ነክሶ ይይዛል።

ዘይቱ የሚጎድል ከሆነ ወደ ውጭ ወጥቷል። የሲሊንደሮቹን ዘንጎች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሞተሩን ከፍ ያድርጉ፣ ከሥሩ ካርቶን ዘርግተው ይተዉት። ዘንጉ ሲሊንደር ውስጥ በሚገባበት ቦታ ዙሪያውን የቀለበት ቅርጽ ያለው እርጥበት ካዩ ያ ጎሚኒ አልቋል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ፓምፑን የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ ሞተር ያስከፍቱ፤ የዚህ ሞተር ዘንግ ጎሚኒ ሲበላ ዘይቱ ወደዚያ ገብቶ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ካርቦኖች ያርሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም።

በሌሊት አንድ ሁለት ጣት ዝቅ ማለት ግን ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ገንዘብ አያውጡ።

የሚያፈሰውን ቦታ በእጄ እየዳሰስኩ ብፈልገውስ?

በፍጹም! ትሪሙ ሲሠራ ግፊቱ ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፣ ከውስጥ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ከደረሰብዎ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፣ «የሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብለው ይንገሯቸው። ነገ አየዋለሁ አይበሉ።

ዘይቱን የምለካው ሞተሩ ወርዶ ነው ወይስ ተነስቶ?

እስከ መጨረሻው ተነስቶ፣ መደገፊያው ገብቶ። ያን ጊዜ ዘንጎቹ ስለወጡ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ትንሹ ነው፤ ወርዶ ሳለ ክዳኑን ከከፈቱ ዘይቱ ይፈስብዎታል። ልኩ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ነው። ከጎደለ ይሙሉ፣ ክዳኑን ይዝጉ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከፍና ዝቅ ያድርጉ፣ አረፋው እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይዩ። ዘይቱ ወተት የጠጣ መስሎ ሮዝ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ መጨመር ሳይሆን ሁሉንም አፍስሶ መቀየር ነው፣ ውሃው በየት እንደገባም መፈለግ።

ሌላ ስላልነበረ የፍሬን ዘይት ጨመርኩበት። ደህና ይሠራል።

ለጊዜው ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከግላይኮል ወገን ነው፤ የትሪሙ ጎሚኒ የተሠራው ለሌላ ዘይት ነውና ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። የትሪሙን ማንሻና ማውረጃ ቁልፍ ከአሁን በኋላ አይንኩ። አውጥቶ በትክክለኛው ዘይት ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ መካኒኩ ጎሚኒዎቹን በሙሉ እንዲቀይር ይንገሩት፣ «ታጥቦ ደህና ነው» ቢልዎ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።

ይነሳል እንጂ አይወርድም። ዘይት ልቀይር?

መጀመሪያ ሪሌዮቹን፣ ማለትም ለፓምፑ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያበሩትንና የሚያጠፉትን ማብሪያዎች፣ ይዩ። ብዙ ጊዜ የመውጫውና የመውረጃው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቦታ ያለዋውጧቸው። አሁን ወርዶ አልነሳ ካለ ሪሌዩ ነው። በሁለት ሽቦ ለሚሠሩት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ 12 ቮልት በቀጥታ ወደ ፓምፑ ሞተር ይስጡ፤ ሰማያዊው ሽቦ ላይ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው ላይ ኔጋቲቭ ሲሆን ይነሳል፣ ሲገለበጥ ይወርዳል። ከሥሩ ሰው አይቁም።

ከትሪሙ የተረፈኝን ዘይት መሪው ውስጥ ልጨምር?

የሃይድሮሊክ መሪ በእጅ ጉልበት ስለሚዞር በጣም ቀጭን ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ብዙዎቹ የራሳቸው አላቸው፣ ውፍረቱም በሃይድሮሊክ ዘይት መለኪያ (ISO VG) 15 ነው፤ ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አያምታቱት። የተረፈዎትን ክዳኑን ገጥመው ያስቀምጡት።