ስፓሪንግ ላይ ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ጥያቄና መልስ

ኢንሹራንስ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ኪክቦክሲንግ የጀመርኩት ከዚያም ቀድሜ ነው፤ የተጣመመው አፍንጫዬ ምስክር ነው። ስፓሪንግ ላይ፣ ማለትም ልምምድ ላይ እርስ በርስ ስንጋጠም፣ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ መድኑ ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ጠይቃችኋል። የቻልኩትን ልመልስ።

«መሥሪያ ቤቴ የቡድን የአደጋ መድን ገብቶልናል። 24 ሰዓት ይሸፍናል ተብለናል። ማታ ማታ ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ኪክቦክሲንግ) እሠራለሁ። ብጎዳ ይከፍሉኛል?»

24 ሰዓት የሚለው ሰዓቱን ነው፤ የምትሠራውን ነገር አይደለም። የግል አደጋ መድን ውል ውስጥ «የማይሸፈኑ» የሚል ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ ተራራ መውጣት፣ አደን፣ የመኪና ውድድር እያለ ይሄድና መሐል ላይ ቦክስ፣ ትግል ወይም ማርሻል አርት የሚል ቃል ታገኛለህ። ሙሉውን ውል ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቅ። አንድ ገጽ ሰርተፊኬት ላይ ይህ አይጻፍም። ቃሉን ካጣኸውም ቶሎ አትደሰት። «አደገኛ ስፖርት» የሚል ጥቅል ሐረግ ካለ አንተም እዚያ ውስጥ ነህ።

«ፎርሙ ላይ ‹ስፖርት እሠራለሁ› ብዬ ብቻ ብሞላስ? ዋሸሁ እንዴ?»

ዋሽተሃል ባይባል ደብቀሃል ይባላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ እሱን አልነካውም። መድን ገቢ የሚያውቀውን፣ ለመድን ሰጪው ውሳኔ የሚጠቅመውን ነገር መናገር አለበት። ደብቀህ ከተገኘህ ዓረቦን (የመድኑን ክፍያ) ስትከፍል ኖረህ በጉዳትህ ቀን ባዶ እጅህን ልትቀር ትችላለህ።

ይልቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ። በሳምንት ስንት ቀን ትሠራለህ? ስፓሪንግ አለ ወይስ ፓድ (አሠልጣኙ የሚይዘውን መምቻ ትራስ) መምታት ብቻ? ጭንቅላት ይመታል? የጭንቅላትና የጥርስ መከላከያ ታደርጋላችሁ? ትወዳደራለህ? ገንዘብ ይከፈልሃል? ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ስሠራ የማየው እነዚህን ነበር፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን። ለጤናው የሚሠራና ለገንዘብ የሚጋጠም ሰው ዋጋቸው አንድ አይደለም። ከዚያ «ፉል ኮንታክት (በሙሉ ኃይል የሚመታበት) ስፓሪንግን ጨምሮ» የሚል ተጨማሪ አንቀጽ ከውሉ ጋር እንዲያያዝልህ ጠይቅ። ዓረቦኑ ይጨምራል። ይጨምር። የሽያጭ ሠራተኛው «ችግር የለም፣ ይሸፍናል» ያለህ ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ወሬ ነው።

«አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ልምምድ ላይ መንጋጋዬን ሰበረው። ማሳከም የለበትም?»

እግዜር ይማርህ። ሕጉ ግን ለእሱ ያደላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2068 መሠረት ስፖርት ላይ ያለ ሰው አብሮት የሚጫወተውን ቢጎዳ፣ ማታለል ወይም ከባድ የጨዋታ ሕግ ጥሰት ከሌለ ተጠያቂ አይሆንም። ደወል ከተደወለ በኋላ መትቶህ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በንጹሕ ሁክ (ሕጉን በጠበቀ የጎን ቡጢ) ከሆነ ግን ጋርድህን (ፊትህን የሚከልሉ እጆችህን) ከፍ አድርግ ከማለት ውጪ የምለው የለኝም። የሚያሳክምህ የራስህ መድን ነው።

«ጂም አለኝ፤ ሠልጣኞቼ 40 ናቸው። ሁሉም ‹በራሴ ኃላፊነት› ብለው ፈርመዋል። አይበቃም?»

ማስተር፣ ያ ወረቀት የሆስፒታል ሂሳብ አይከፍልም። ለእርስዎ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የኃላፊነት መድን ነው፤ ጥፋቱ የጂሙ ሲሆን ይከፍላል። የቦክስ ከረጢቱ ሰንሰለት ተበጥሶ ሰው ላይ ቢወድቅ፣ ወይም የሁለት ሳምንት ጀማሪ ከተወዳዳሪ ጋር ቢያጋጥሙ። ሌላው የቡድን የግል አደጋ መድን ነው፤ ማንም ሳያጠፋ እግር ሲሰበር የሚከፍለው እሱ ነው። በደመወዝ የቀጠሯቸው አሠልጣኞች ካሉ ደግሞ እነሱ ሠራተኞች ናቸው። ሥራ ላይ ሲጎዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርስዎ ላይ ግዴታ ይጥላል።

በቡድን መግባት ለብቻ ከመግባት ይቀላል። ለብቻው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጉዳት የሸተተው ሰው ነው፤ ኢንሹራንሱም ይህን ያውቃል። 40 ሰው አብሮ ሲመጣ ግን ፓድ ብቻ የሚመቱት ስፓር የሚያደርጉትን ይሸከማሉ።

ለኢንሹራንሱ የሚላከውን የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ግን አደራ። እኔ የምሠራበት ጂም አንድ ልጅ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ክንዱ ተሰበረ። የአዲስ ሠልጣኞችን ስም የምልከው እኔ ነበርኩ። «ወር ሲሞላ በአንድ ላይ እልካለሁ» ብዬ አስቀምጬው ነበር። ስሙ ስላልደረሳቸው አልከፈሉም። ልክ ነበሩ። ዛሬም ልጁን ሳየው አንገቴን እደፋለሁ።

«ትከሻዬ ወለቀ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄጄ ተመለሰልኝ፤ በነጋታው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኢንሹራንሱ ማስረጃ የለሽም አለኝ።»

እህቴ፣ ወጌሻ አልንቅም፤ የእኔንም ጣት ያቃናው ወጌሻ ነው። ግን ደረሰኝ አይሰጥም። ትከሻው ከተመለሰ በኋላ የተነሳ ራጅ ደግሞ መውለቁን ላያሳይ ይችላል። ወደፊት መጀመሪያ ራጅ፣ የሐኪም ማስረጃና ዋናው ደረሰኝ ይቅደም። አሠልጣኙም በዚያው ቀን የሆነውን ጽፎ ይፈርም። የማሳወቂያው ጊዜ ውሉ ላይ አለ፤ አጭር ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበይ። ደግሞ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብለሽ እንዳታስጽፊ። ይህን የሚያደርጉ አውቃለሁ። ማጭበርበር ነው።

«ጉልበቴ ቀስ በቀስ እየባሰበት መጣ። ይሸፈናል?»

በአደጋ መድን አይሸፈንም። እሱ ድንገት፣ ከውጭ ለመጣ ነገር ነው። በጊዜ ብዛት ያለቀ ጉልበት የጤና መድን ጉዳይ ነው።

«የስንት ብር ልግባ?»

ትልቁን ቁጥር አትመልከት። ለምሳሌ «500,000 ብር» ይሉህና እሱ ለሞትና ለዘላቂ የአካል ጉዳት ይሆናል። ለሕክምና የተመደበው 20,000 ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ ጂም ውስጥ የሚያጋጥመን አፍንጫ፣ ጥርስ፣ የጎድን አጥንት ነው። ስለዚህ የሕክምናውን መስመር አሳድግ። ጥርስ መካተቱን ለይተህ ጠይቅ። ጭንቅላት ሲመታ ሲቲ ስካን ይከፍሉ እንደሆነም እንዲሁ።

«እኔ ያለሁት እስራኤል ነው። እዚህስ?»

አንተ የተሻለ ቦታ ላይ ነህ። ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅትህ) ያክምሃል። ከሥራ ውጪ በደረሰ አደጋ መሥራት ካቃተህ ብቱዋህ ለኡሚ (ብሔራዊ የመድን ተቋሙ) እስከ 90 ቀን የአደጋ አበል አለው፤ ማመልከቻውን ከአደጋው ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ አስገባ፤ ሐኪም ጋ ግን ወዲያው ሂድ። የምትወዳደር ከሆነ ደግሞ የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) የስፖርት ሕግ ማኅበሩ ተወዳዳሪዎቹን እንዲያስመድን ያዛል። ውድድር ከመግባትህ በፊት ወረቀቱን አሳዩኝ በል።

«ለሸንገን ቪዛ የገዛሁት የጉዞ መድን ውድድሬን ይሸፍናል?»

ቪዛው የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ነው። ያ ለቪዛው እንጂ ለሪንጉ አይደለም። የስፖርት ውድድር የሚለውን ካልጨመሩልህ እንደሌለህ ቁጠረው።

«ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስቱም እምቢ አሉኝ።»

እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበልና ወደ ኢንሹራንስ ደላላ ሂድ፤ የትኛው ቤት እንደሚቀበል እነሱ ያውቃሉ። እስከዚያው እንደ እድር አድርጉት። በወር 200 ብር ከ40 ሰው 8,000 ነው፤ በዓመት 96,000። ያለ ደረሰኝ አይከፈል፣ ለአንድ ሰው ጣሪያ ይኑረው። ገንዘብ ያዡ ግን ማስተሩ አይሁን፤ በኋላ ማን ደፍሮ ሂሳብ ይጠይቀዋል?