ማረኩ ወይስ ዘረፉ?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ነዎት? ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1603 ሲንጋፖር አጠገብ ስለያዟት የፖርቹጋል መርከብ አንድ ጽሁፍ ጽፌ ነበር። እኔ «ዘረፏት» አልኩ፣ ኤዲተሬ ደሞ «ማረኳት» ብሎ ቀየረብኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተና ኤዲተርህ የተጣላችሁበት ነገር እኮ አምስተርዳም ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነው።

«ማረከ» የመጣው ከግዕዙ «ማህረከ» ነው፣ መሀል ያለችው ህ ተውጣ ቀረች። ይሄ ግስ ጦርነት ይፈልጋል። ሌባ ቦርሳህን ይዞ ቢሮጥ «ማረከብኝ» አትልም፣ ካልክም ለቀልድ ነው። «ዘረፈ» ግን ጦርነት ኖረም አልኖረም ወሳጁ መብት አልነበረውም የሚል ክስ አለበት፣ ዘራፊ የሚመሰገነው ቅኔ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ግሶች ያቺ መርከብህ፣ ሳንታ ካታሪና ላይ ሞክራቸው። ያኮብ ቫን ሄምስከርክ የሚባለው የሆላንድ አዛዥ ፌብሯሪ 25 ጠዋት አገኛትና ቀኑን ሙሉ ሲተኩስባት ዋለ፣ ግን ዕቃው አብሮ እንዳይሰጥም ብለው በብዛት ሸራዋን ነበር የሚመቱት (እዚህ ጋ «ሰመጠ»ም «ሰጠመ»ም ይባላል፣ በሱ አትጣሉ)። መጨረሻ ላይ ፖርቹጋሎቹ ነፍሳችንን ብቻ ብለው መርከቧን አስረከቡና ያኔ የፖርቹጋል ወደነበረችው ወደ ማላካ ከተማ ተለቀቁ። ስለዚህ ሰዎቹን «እጅ ሰጡ» በላቸው፣ «ምርኮኛ» ካልካቸው አንባቢ ታስረው የተወሰዱ ይመስለዋል። የቀረው ዕቃው ነው፦ የቻይና ሐርና የቻይና ሸክላ። በነገራችን ላይ የቡናችን «ስኒ» ራሱ ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው፣ ትርጉሙም «ቻይናዊ» ማለት ነው። ዕቃው አምስተርዳም ላይ ተሸጦ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) በላይ አወጣ፣ ይሄ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያቸው ሲመሠረት ከሰበሰበው ካፒታል ግማሽ ገደማ ነው።

ችግሩ ሄምስከርክ የያዘው ፈቃድ ራሱን እንዲከላከል እንጂ መርከብ እያደነ እንዲይዝ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን በ1604 ሕጋዊ ምርኮ ነው ብሎ ፈረደ፣ ምክንያቱም ሆላንድ ከስፔን ንጉሥ ጋር እየተዋጋች ነበር፣ ፖርቹጋልም ያኔ በዚሁ ንጉሥ ስር ነበረች። ይሄም ሁሉንም ባለአክሲዮን አላረካም፣ ኩባንያው ሁጎ ግሮቲየስ የተባለ ወጣት ጠበቃ ስለ ምርኮ ሕግ ወፍራም መከራከሪያ እንዲጽፍለት አደረገ፣ ከሱ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ በ1609 «ነፃ ባሕር» ተብሎ ታተመ። አየህ፣ አንድ ግስ ለማስከበር ይሄን ሁሉ ወረቀት ጨረሱ።

ስለዚህ ኤዲተርህ ሳያውቀው ለአምስተርዳም ፈርዷል፣ አንተ ደሞ ለፖርቹጋሎቹ። ሁለቱም አማርኛ ነው። እኔ ብሆን ፍርዱ ጋ ስደርስ ብቻ «ምርኮ ነው ተባለ» እላለሁ፣ ውጊያው ላይ ግን ጥያቄህን ስትጽፍ ራስህ የተጠቀምክባትን ቃል አስገባለሁ፦ «ያዟት»።